በጣና ዳር ለመሸጥ ለሚነሳ ሰው፦ ከወደብ ተራ እስከ ንግድ ፈቃድ

ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነስቶ አንድ ሰዓት ገደማ የተጓዘ እንግዳ ዘጌ ወደብ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው ቤተ ክርስቲያኑን ሳይሆን እኛን ነው። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው የጫካ መንገድ ግራና ቀኙ ሸቀጥ ነው። በውሃ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የተሠራች መዳፍ የምታህል ታንኳ፣ በፍየል ቆዳ ላይ የተሳለ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የእንጨት መስቀል፣ ስፌት፣ የዘጌ ቡና። እኔም በዚያ መንገድ ዳር ዓመታት ተቀምጫለሁ።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። አንድ ሽበታም እንግዳ ከጀልባ ሲወርድ ሦስት ታንኳ ታቅፌ ተከተልሁት። ዋጋ ጠራሁ፣ ቀነስሁ፣ እንደገና ቀነስሁ። ሌሎች አምስት ልጆችም ተቀላቀሉኝ። ሰውየው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ቆመና ፊቱን አዙሮ ወደ ጀልባው ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያኑን አላየ፤ ከማናችንም አልገዛ። አጠገቤ ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ቀና ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ዓሣ እንኳ ሲጮኹበት ይሸሻል" አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው በባሕር ዳር፣ በዘጌ ወይም በደሴቶቹ ወደቦች ንግድ ወይም አገልግሎት ለመጀመር ላሰበ ሰው ነው። ሻይ ቡና ማፍላት፣ ዓሣ መጥበስ፣ የእጅ ሥራ መሸጥ፣ ጀልባ ማከራየት፣ ሁሉም ይገባል።

ሐይቁንና የቀን መቁጠሪያውን አጥኑ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ወደቡ ላይ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ትልቅ ሲባል 14 ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ ነው። ይህ ለነጋዴ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት እንደ መስተዋት የተኛው ጣና ከሰዓት በኋላ ማዕበል ስለሚያነሳ ጀልባ የሚነሳው በማለዳ ነው፤ ገበያውም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ይሠራና ያበቃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሰል የሚያቀጣጥል ሰው ለራሱ ቡና ያፈላል ማለት ነው።

የውሃው ልክ ደግሞ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ ሐይቁ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። ዳርቻው ዝርግ በሆነበት ቦታ ይህ ልዩነት ብዙ እርምጃ መሬት ያሰጥማል። በሰኔ "ባዶ ቦታ አገኘሁ" ብሎ ዳስ የጣለ አንድ ጓደኛዬ በመስከረም አግዳሚ ወንበሮቹን ከውሃ ውስጥ ሲለቅም አይቻለሁ። የመደብ ቦታ የሚለካው በጥቅምት ነው።

ደንበኛችሁ ማን እንደሆነም እወቁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር የውጭ አገር ጎብኚ ሳስቷል። አሁን ወደቡን ያቆመው በአብዛኛው ተሳላሚውና የከተማው ሰው ነው። ተሳላሚ የቆዳ ሥዕል አይገዛም። የሚፈልገው ጧፍና ዕጣን፣ ቆሎ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ጸበል መያዣ ዕቃ፣ ሲመለስም ቡና ነው። ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት፣ ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ለጥምቀት ሰሞን የሚሆን ዕቃ ከሳምንት በፊት ካልተዘጋጀ በበዓሉ ዋዜማ በባሕር ዳር ገበያ በውድ ይገኛል።

ምን ይዛችሁ ትቀመጡ

ከሁሉ በፊት የምመክረው ቡና ነው። ዘጌ በአፈ ታሪኩ አቡነ በትረ ማርያም በባረኩት መሬት ላይ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ የበቀለበት፣ በሬ የማይጠመድበትና ከብት የማይረባበት ጫካ ነው። እንግዳው ይህን ታሪክ ከአስጎብኚው ሰምቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ፣ ያው የተወራለት ቡና ከዛፉ ሥር ሲቆላ ቢያገኘው ማን እንዲቀመጥ ይለምነዋል? ቡናው ግን የዘጌ ይሁን። ከሌላ አካባቢ በርካሽ የመጣ ቡና "የዘጌ ነው" ብሎ የሚሸጥ ሰው የሚያዋርደው ከራሱ ደጅ የተለቀመውን ቡና ስም ነው። አቦሉን ብቻ ጠጥቶ የሚነሳ እንግዳ ይኖራል፤ ጀልባው እየጠበቀው ነውና አትቀየሙ፤ ቶናና በረካውን ታሳቢ አድርጋችሁም ሒሳብ አትጠይቁ።

ብዙ ሰው ያላየው አንድ ገበያ አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የተባሉት የደሴት ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ወንዶቹ ሥዕሉንና ብራናውን ሊያዩ ሲወጡ እህቶቻቸው፣ ሚስቶቻቸው፣ ሴት አስጎብኚዎችም ጭምር ጀልባው ላይ ፀሐይ ይመታቸዋል። ገዳሙ በሚፈቅደው የጠረፍ ቦታ ወይም በጀልባው ላይ ጥላ፣ ውሃና ሻይ ያዘጋጀ የጀልባ ባለቤት በዚያ አንድ ሰዓት የሚያገኘው ምስጋና ከሁሉም ይበልጣል። ስሙም የሚነሳው በእነሱ አፍ ነው።

ዓሣ የሚጠብስ ሰው ዓሣውን ከማን እንደሚገዛ ይጠንቀቅ። ቆሮሶና አምባዛ ዓመቱን ሙሉ ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን በክረምትና በክረምት መውጫ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣል። በዚያ ሰሞን በወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚያጠምደው የመጪውን ዓመት ዓሣ ነው። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣ የፌዴራል አዋጅ አለ፣ ቁጥር 315/1995፤ ከወረዳው የግብርና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ፈቃድ ካለው አስጋሪ ወይም ከማኅበር ግዙ። በጾም ወራት ዓሣ የሚፈልገው ሰው ይበዛል። "ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም" የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ተዉትና እናንተ በረዶ አዘጋጁ።

የደንገል ታንኳን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ ከሠሪው ግዙ። በሐይቁ ዙሪያ ይህን ጥበብ ከጥንት ይዘው የኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ትንሿን ታንኳ ከእነሱ በርካሽ ወስዶ አሥር እጥፍ መሸጥ ነውር ነው።

ስለ መስቀልና ብራና ግን ጠበቅ ያለ ነገር ልናገር። አዲሱን መስቀል በጭስ አጥቁሮ "የአያቶቼ ነው፣ ጥንታዊ ነው" የሚል ነጋዴ ራሱ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ እንግዳው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሲፈተሽ ጥንታዊ የተባለውን ዕቃ ይቀማል። እውነተኛ ጥንታዊ ብራና ሲመጣላችሁ ደግሞ "ከየት አመጣኸው?" ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይጀምራል። አትንኩት፤ ለገዳሙና ለፖሊስ አሳውቁ።

መዋኛ ቦታ አዘጋጅታችሁ ገንዘብ አትጠይቁ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ የሚባል በውሃ የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ። ሁለቱም ደንበኛ አይመርጡም።

ወረቀቱ

ለብቻው ለመነገድ የፈለገ ሰው የነዋሪነት መታወቂያውን ይዞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣል፤ ከዚያ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይመዘገባል፤ ፈቃድም ያወጣል። ዘጌና ጢስ ዓባይ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ስለሆኑ ጉዳያቸው የሚያልቀው በከተማው መዋቅር ነው፤ ከከተማው ውጭ የሆነው ግን ወደየወረዳው ይሄዳል። ወጣቶች በማኅበር ስትደራጁ ቦታ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። ምግብና መጠጥ የሚያቀርብ ከሆነ የጤና ጽሕፈት ቤት ያየዋል፤ ምግብ የሚነኩ ሰዎች የጤና ምርመራ ይጠየቃሉ። ማስጎብኘት የፈለገ ከባህልና ቱሪዝም በኩል የአስጎብኝነት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ፈቃድ የመሸጥ መብት እንጂ የመሬት መብት አይሰጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ የሐይቅ ዳርቻማ የበለጠ የጋራ ነው። ስለዚህ የቦታውን ጉዳይ በጽሑፍ ያዙ። የት፣ ስንት ሜትር፣ እስከ መቼ? "አይዞህ፣ ተቀመጥ" የሚል የቃል ፈቃድ የሰጠኝ ሹም ከሦስት ወር በኋላ ተዛወረ። ተተኪው መደቤን ሲያፈርስ የማሳየው አንዲት ብጣሽ ወረቀት አልነበረኝም።

የገዳሙ ፈቃድ ከጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ የተለየ ነው። ደኑም መንገዱም በገዳማቱ ጥበቃ የኖረ ነው። አበምኔቱን ወይም የደብሩን አስተዳዳሪ ባዶ እጃችሁን ሳይሆን ሐሳብ ይዛችሁ ሂዱ፤ የት እንደምትቀመጡ፣ በቅዳሴ ሰዓት ዝም እንደምትሉ፣ ከሰሉን የት እንደምትደፉ ተናገሩ። ከቅጥሩ ውስጥ መሸጥ አይታሰብም። በጉባኤ ቀን ከበሩ ፊት ለፊት መደብ መዘርጋትም ነውር ነው።

ቦታና ተራ

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ ከሁሉ የምረዝመውም እዚህ ላይ ነው። በዓለም ላይ በዕረፍት ደሴቶች የሚነግዱ ሰዎች ታሪክ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነውና አራቱን ላንሳ።

ዛንዚባር ላይ እንግዳን እየተከተሉ ሆቴል፣ ጀልባና ቅመም የሚያሻሽጡ ወጣቶች በስዋሂሊ "ፓፓሲ" ይባላሉ፤ መዥገር ማለት ነው። ስሙን ያወጣላቸው የራሳቸው አገር ሰው ነው። የፊሊፒንሷ ቦራካይ ደሴት ፍሳሿና ሰዉ ከአቅሟ በላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ለስድስት ወር ተዘጋች። ስትከፈት አሸዋው ላይ አዟሪ የለም፣ ማሳጅ የለም፣ ወንበርና ጃንጥላ የለም። ሥርዓት ያላበጁ ነጋዴዎች ሥርዓት ሲመጣ በአንድ ቀን ተጠረጉ። የታይላንዷ ፑኬትም እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲሁ ወንበርና ጃንጥላዎቿ ተነሱ፤ ኋላ ላይ የጥላ አገልግሎት የተመለሰው ከባሕር ዳርቻው 10 በመቶ በሚሆን ቦታ ተወስኖ ነው።

ግሪክ ደግሞ ወደዚሁ ነገር የመጣችው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በጋ የፓሮስ ደሴት ነዋሪዎች ፎጣቸውን የሚያነጥፉበት አሸዋ አጥተው ሰልፍ ወጡ፤ ዳርቻው ሁሉ በሚከራይ ወንበር ተይዞ ነበር። በዓመቱ በወጣው ሕግ ቢያንስ 70 በመቶው ዳርቻ ነጻ እንዲሆን፣ ወንበርም ከውሃው አፍ አራት ሜትር እንዲርቅ ተደነገገ።

እኛ ወደብ ላይ ይህን ሁሉ በትንሹ ማድረግ ይቻላል፤ አስተዳደሩ ጃንጥላችንን እስኪያነሳው መጠበቅ የለብንም። የሠራንበት ዘዴ ይህ ነው።

በጥቅምት፣ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ፣ ከውሃው አፍ አምስት እርምጃ ቆጥረን በድንጋይ መስመር አሰመርን። ከመስመሩ እስከ ውሃው ማንም አይዘረጋም፤ የጀልባ መውረጃ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶችና ዓሣ አስጋሪዎች መተላለፊያ ነው። መንገዱንም ለካን። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያልፍበት ስፋት ካልቀረ መደቡ ወደ ኋላ ይገባል።

ከዚያ ቦታውን በዕጣ ደለደልን። ወደቡ አጠገብ ያለው ቦታ ከሁሉ የተሻለ እንደሚሸጥ ማንም ያውቃል፤ ጠብም የሚነሳው በእሱ ነው። ስለዚህ ዕጣው በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ይወጣል። ሰኞ ዳር የነበረ በሚቀጥለው ሰኞ መሐል ሊሆን ይችላል። ተራ አስከባሪ የሚባለውን ሰው ደግሞ ከመካከላችን በየወሩ እንመርጣለን። የመናኸሪያውን ዓይነት ተራ አስከባሪ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ፤ የእኛው ከማንም ሳንቲም አይቀበልም፣ በወሩ መጨረሻም ወደ መደቡ ይመለሳል።

ቀጥሎ ያለው ሕግ ከሁሉ ከባድ ነበር። እንግዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ማንም አይጠራም፤ ከመቀመጫውም አይነሳም። "እንደምን አደሩ" ብቻ። ሲመለስ ግን ዋጋ መናገር፣ ዕቃ ማሳየት ይፈቀዳል፤ ያውም ከመደብ ሳይነሱ። ብዙዎቻችን "በዚህ ዓይነት ልንራብ ነው" ብለን ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሰው ሲወጣ ገንዘቡን አያወጣም፤ ያላየው ነገር ከፊቱ ነው፣ ዕቃ ተሸክሞ ዳገት መውጣትም አይፈልግም። ሲመለስ ደክሞታል፣ ታሪኩን ሰምቷል፣ ማስታወሻ ይፈልጋል። ቡና የሚሸጡት እናት ይህን ያለ ሕግ ያውቁት ነበር።

ልጆችን በተመለከተ ደንቡ አይደራደርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቅጥር ዝቅተኛ ያደረገው ዕድሜ 15 ዓመት ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ በትምህርት ሰዓት ወደቡ ላይ ከታየ የሚቀጣው ዕቃውን የሰጠው ሰው ነው። ቅጣቱም የሳምንት ዕጣ ማጣት። ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ያለው ሰው ከፍሎ ይቀጥል ነበር።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ መተዳደሪያ ደንብ ጻፉት። ሁሉም ይፈርም፤ አንዱ ቅጂ ቀበሌ፣ አንዱ ገዳሙ ዘንድ፣ አንዱ ከጀልባ ማኅበሩ ጋር ይቀመጥ። በኋላ ከተማው ሰፊ የዳርቻ ደንብ ይዞ ሲመጣ "ሥርዓት የለሾች" ብሎ የሚጠርጋችሁ ሳይሆን ደንባችሁን ከፍቶ የሚጠይቃችሁ ያደርገዋል።

ዋጋ

ዋጋችሁን ጻፉት። ካርቶን ላይም ቢሆን ጻፉት። ለአገር ሰው አንድ ዋጋ፣ ለውጭ ሰው ሌላ ዋጋ የሚባለው ልማድ ቡና ላይ መቅረት አለበት፤ ሲኒው ያው ሲኒ ነው። ሥዕል ላይ ድርድር ይኑር፤ ድርድሩ የገበያው ደስታ ነውና። የውጭ ገንዘብ አትቀበሉ፤ ብር ብቻ። ቴሌብር ያለው ነጋዴ መልስ የመፈለግ ጣጣ ይቀርለታል፤ ኔትወርክ በሌለበት ደሴት ግን ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ። ለአስጎብኚ "ኮሚሽን" መክፈል የሚባለውን በጋራ ወስኑ። አንዱ 20 በመቶ፣ ሌላው 30 በመቶ እያለ ሲወዳደር የሚከፍለው መጨረሻ ላይ እንግዳው ነው።

ጀልባ

ጀልባ የሚያከራይ ሰው ከሁላችንም የከበደ ኃላፊነት አለበት። የሞተር ጀልባ ምዝገባና ምርመራ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ሥራ ነው። በየሰው ልክ ላይፍ ጃኬት፣ የልጅም ጭምር፣ መኖሩን ጠዋት ጠዋት ቁጠሩ። ዳጋና ሌላው የደሴት ገዳም ናርጋ ሥላሴ ለመድረስ በጀልባው ፍጥነት ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጋት ካልተነሳችሁ መመለሻው ማዕበል ላይ ይወድቃል። ነፋስ ከተነሳ ገንዘብ መልሱና ቅሩ። ጉማሬ ለማሳየት ስትሄዱ ሞተሩን ዝግ አድርጋችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ለፎቶ ብሎ መጠጋት በታንኳ የሚሄደውን አስጋሪ ለአደጋ ያጋልጣል። የታንኳ ሽርሽር ከዳርቻው እንዳይርቅ፣ ተሳፋሪውም ላይፍ ጃኬት እንዲያጠልቅ አድርጉ። ደንገል ሲርስ ይከብዳል፤ ከአንድ ጉዞ በኋላ ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ አይመኑት።

ቆሻሻ

ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ከታየ ወዲህ ደግሞ ስንቱ ሰው በእጁ ሲነቅል እንደከረመ የምናውቀው ነው። የእምቦጭን ነገር እኛ መደብ ላይ ተቀምጠን አንፈታውም፤ የውሃ ፕላስቲክ ግን የእኛ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ቡናውን በወረቀት ወይም በትንሽ አገልግል አቅርቡ፤ አገልግሉ ራሱ ይሸጣል። የተሸጠ የውሃ ፕላስቲክ ባዶው ሲመለስ ትንሽ ገንዘብ የሚመለስበት ዘዴ ሞክረን ልጆቹ ከዛፍ ሥር ያለውን ሁሉ ለቅመው አመጡልን፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከሸጥነው በላይ ስለተመለሰ ኪሳራ ነበረው። ከዚያ ወዲህ የራሳችንን በቀለም ምልክት እናደርጋለን።

ክረምት

ሰኔ ሲጋመስ መንገዱ ጭቃ፣ ጀልባው ጥቂት ነው። ደንቡን የምታሻሽሉት፣ የተሰበረ ሲኒ የምትተኩት፣ ሠሪዎቹ ጋ ሄዳችሁ ለጥቅምት የሚሆን ታንኳ የምታዙት በዚህ ጊዜ ነው። የንግድ ፈቃድ እድሳት ሐምሌ 1 ይከፈታል። በዚያው ሳምንት ሂዱ፤ ሰልፉ አጭር ነው፤ የሒሳብ ደብተራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልያዛችሁ የግብር ገማቹ የየካቲት 16ቱን ሕዝብ አስታውሶ የዓመቱን ሁሉ ገቢያችሁን በዚያ ቀን ይለካዋል።